ፀሐይ ስትገባ የሚጠፋው ድምፅ

ካፒቴን ሶማ ራይዞ ሲሞት የመንደራችን ሰው ግልብጥ ብሎ ወጥቶ አለቀሰ። ጀልባዎቹ ሁሉ ወደብ ላይ ቆመው ጡሩምባቸውን ነፉለት፣ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተርም ስለ ጀግንነቱ ንግግር አደረጉ። እኔ ወጥ ቤቴ ውስጥ ጎመን እየከተፍኩ ነበር፤ መክተፌንም አላቋረጥኩም። ጎረቤቴ በመስኮት ብቅ ብላ «ለቀብሩ አትመጪም እንዴ?» ስትለኝ «ጎመኑ ይጠወልግብኛል» አልኳት። ፊቷን አጨማዳ ሄደች።

ሰውየው ለሩሲያ ጠረፍ ጠባቂዎች ወሬ ሲያቀብል ኖሮ የተያዘ ነው። ስምንት ወር ታሰረ፤ ከእስር በወጣ በሁለተኛው ዓመት የዓሣ አጥማጆች ማኅበሩ ሊቀመንበር ሆኖ ተመረጠ፣ ያውም በአንድ ድምፅ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ከኛ መንደር ወንዶች መካከል ከሱ መርከብ ያልበላ የለም፤ ስለዚህ ማልቀሳቸው አይገርመኝም። የሚገርመኝ እኔም አንድ ጊዜ ከነሱ ጋር መሰለፌ ነው።

ነገሩ የሆነው አሥር ዓመቴ ላይ፣ በ1963 ነው። መንደራችን ቶባሪ የሆካይዶ ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ ናት። ሰማዩ ሲጠራ ሩሲያውያኑ የያዟቸው ደሴቶች እንደ ጎረቤት አጥር ይታያሉ። በመካከሉ ባሕሩ ላይ ማንም የማያየው ድንበር አለ። በስህተት የተሻገረ ጀልባ ከነሰዉ ይወሰዳል፤ ሰዉ ከስድስት ወር በኋላ ይመለሳል፣ ጀልባው ግን አይመለስም።

አባቴ ኢዋቡቺ ቴይጂ የማኅበሩ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበር። ወደቡ ጫፍ ባለችው ቢሮ ተቀምጦ ባሕር ላይ ካሉት ጀልባዎች ጋር ይነጋገራል። ጉም ወረደ፣ ማዕበል መጣ፣ የእገሌ ሚስት ወንድ ልጅ ተገላገለች ይላቸዋል። ራሱ ግን ባሕር አይወጣም፤ ሲወጣ ያስመልሰዋል። በዓሣ አጥማጅ መንደር ባሕር የሚያስመልሰው ወንድ ምን ያህል ወንድ እንደሚባል ገምቱ። ስሙን ትተው «ጆሮው» ይሉት ነበር። «ጆሮው መጣ»፣ «እስቲ ጆሮውን ጠይቁት» ሲሉት እሱ አብሮ ይስቃል። እኔ አፍርበት ነበር፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቢሮው ባለበት በኩል ላለማለፍ ዙሪያውን እሄድ ነበር።

ካፒቴን ሶማ ግን ሌላ ነበር። ሀኩዮ ማሩ የምትባለው መርከቡ ሌሎቹ ባዶ ሆዳቸውን ሲመለሱ እስከ አፍ ገደፏ ሸርጣን ሞልታ ትገባለች። ትከሻው ሰፊ፣ ሳቁ ከወደቡ እስከ ኮረብታው የሚሰማ ነው። በወደቡ በዓል ቀን ትከሻው ላይ አስቀምጦኝ ሰልፉን አሳይቶኛል። «ሩሲያውያኑ ሲያዩት ይሸሻሉ» እንባባል ነበር እኛ ልጆች። የሚሸሹት ግን እሱ አስቀድሞ ከነሱ ጋር በተቃጠረበት ቦታ ነበር። የጥበቃ ጀልባዎቹ የት እንደሚውሉ እነሱው ይነግሩታል፤ በምላሹ እሱ የመንደሩ ጀልባዎች በየትኛው ቀን በየት በኩል እንደሚወጡ ይነግራቸዋል። ይህን ያወቅነው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ከቤታችን ጀርባ መረብ የምናስቀምጥባት ጠባብ ክፍል ነበረች። አባቴ እዚያ ውስጥ በእጁ የገጣጠመው ሬዲዮ ነበረው፤ ረጅም ሞገድ ብቻ የሚይዝ፣ ለመልኩ ደንታ የሌለው ሣጥን። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ፀሐይ ስትወጣ፣ እኩለ ቀን ላይና ፀሐይ ስትገባ፣ ከቢሮው እየሮጠ መጥቶ የጆሮ ማዳመጫውን ያደርግና ከሳሃሊን ደሴት የሚተላለፈውን የሩሲያ ጣቢያ ያዳምጣል። ብዙውን ጊዜ የምትናገረው አንዲት ሴት ናት። እሱ ደግሞ ሰማያዊ ልባስ ባለው ደብተር ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ከዜሮ እስከ ዘጠኝ የሚደርስ ቁጥር ይጽፋል።

እናቴ ኪኑ በዚህ ትቀልድ ነበር። በሙቀቱ ወራት አንድ ቀን ምሳ ላይ ሩዝ እየጨለፈችለት «ዛሬ ሩሲያዊትህ እንዴት ዋለች?» አለችው።

«አኩርፋለች። ሙቀት አይስማማትም። ድምጿን ለመስማት ትንፋሼን መያዝ ነበረብኝ፤ በዚያ ላይ የሩቅ መብረቅ ይንጫጫባታል።»

«እኔም ሙቀት አይስማማኝም። ማን ጠይቆኝ ያውቃል?»

«የአንቺ ድምፅ እኮ ዓመቱን ሙሉ ጥርት ያለ ነው። መሣሪያም አያስፈልገው።»

እናቴ በጭልፋው ልትመታው እጇን አነሣች፤ ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። አባቴ ከአንዲት ሩሲያዊት ጋር ግንኙነት እንዳለው፣ እናቴም እንደምታውቅ ከገዛ አፋቸው ሰማሁ ማለት ነው። ሴትዮዋ በሙቀቱ ወራት የምታኮርፈው፣ በብርዱ ወራት የምትጮኸው ለምን እንደሆነም በራሴ ደረስኩበት። ፌብሩዋሪ ላይ ከሰሜን ተንሳፎ የሚመጣው በረዶ ባሕራችንን ሲዘጋው ከነሱ አገር ጋር ያገናኘናል፤ ድምጿ በበረዶው ላይ እየተራመደ ነው የሚመጣው አልኩ። ያኔ ብልህ ነኝ ብዬ አስብ ነበር።

ኦክቶበር ላይ አንድ ቀን ወደ ማታ ክፍሏ በር ላይ ቆሜ አየሁት። ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ አንድ እጁን የጆሮ ማዳመጫው ላይ፣ ሌላውን ሰዓቱ ላይ አድርጎ ለብቻው ያወራል። «ገባች... ገባች... ጠፋች!» አለና ቶሎ ብሎ ጻፈ። ትንሽ ቆይቶ «ይኸው ብቅ አለች» ብሎ ፈገግ አለ። ዞር ሲል አየኝ፤ አልደነገጠም፤ ማዳመጫውን አውልቆ ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ። የማላውቀው ቋንቋ ጆሮዬ ውስጥ ተንጋጋ።

«ቀን ቀን ፀሐይ ሰማዩ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ትዘረጋለች» አለኝ። «ወደ ላይ የሚወጣውን ድምፅ ያ ይመጠዋል። እኛ ጋ የሚደርሰው መሬት ለመሬት እየዳኸ የሚመጣው ብቻ ነው። ሲመሽ ብርድ ልብሱ ይገፈፋል፤ ያን ጊዜ ከላይ ነጥሮ የሚወርደውም ይጨመራል። በብርዱ ወራት ፀሐይዋ ደካማ ስለሆነች ብርድ ልብሱም ስስ ነው፣ ለዚህ ነው ድምፁ የሚያይለው። ግን ፀሐይ በምትገባባት ሰዓት ሁለቱ ይገናኛሉ። ሁለት ሰው በአንድ ጠባብ በር እኩል ልግባ ሲል ምን ይሆናል?»

«አንዱም አይገባም።»

«ጎበዝ! በዚህች ደቂቃ እሷን የሚያምን ሰው ባሕር ላይ ይጠፋል።»

የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ይዤ ወጣሁ። እሱ ግን ስለ ጀልባዎቹ አቅጣጫ ጠቋሚ ሬዲዮ እየነገረኝ ነበር። መርከበኞቹ ክቡን አንቴና በእጃቸው እያዞሩ የወደቡን ምልክት ድምፅ ይፈልጉና ቤታችን በዚህ በኩል ነው ይላሉ። ፀሐይ ስትገባ ከሰማይ የሚወርደው ድምፅ ያንን መሣሪያ ያታልለዋል፤ ቤት በሌለበት ቤት ነው ይላቸዋል። አባቴ በየወሩ የትኞቹ ደቂቃዎች እንደሚዋሹ የሚያሳይ ሰንጠረዥ አዘጋጅቶ በየጀልባው ሊለጥፍ አስቦ ነበር። የሩሲያዋን ጣቢያ የመረጠው እሷም በዚያው ዓይነት ሞገድ ቀኑን ሙሉ ስለምትናገር ነው። ከምትለው አንዲት ቃል አያውቅም ነበር።

በዚያው ወር ሁለት ጀልባዎች አሥራ አንድ ሰው እንደጫኑ ተያዙ። ሁለቱም ሲመሽ፣ ወደ ቤት ሲመለሱ ነበር። አንደኛው ላይ አብሮኝ አንድ ወንበር የሚቀመጠው ልጅ አባት ነበሩበት። መንደሩ በሹክሹክታ ተሞላ፤ «አንድ ሰው እየነገረብን ነው» ይባላል። አንዳንዱ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሀኩዮ ማሩ ለምን አንድም ቀን አትያዝም?» ማለት ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ጥያቄው አቅጣጫ ቀየረና ጆሮው ማታ ማታ ከቢሮው እየሮጠ የት ነው የሚሄደው ሆነ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ አባቴ ብቻ አልሰማም።

ኖቬምበር ላይ አንድ ቀን ካፒቴን ሶማ ከትምህርት ቤት ስመለስ ወደቡ ላይ ጠበቀኝ። ከምድጃው ላይ ትኩስ የሸርጣን እግር አንሥቶ ሰጠኝና ፊቴ ቁጢጥ አለ።

«አባትሽ ማታ ማታ ምን ይሠራል ናሚዬ?»

«ሩሲያዊት ያዳምጣል።»

ይህን ስል አልሳቀም፤ ራሱን ብቻ ነቀነቀ። እንደ ትልቅ ሰው ያናገረኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር። «የሚጽፍበት ነገር አለው?» አለ።

«ደብተር አለው አጎቴ። ቁጥር ብቻ ነው የሚጽፈው።»

«አባትሽ መጥፎ ሰው አይደለም። አሳስተውት ነው። ደብተሩን ለአንድ ቀን ብታመጪልኝ እኛ እናድነዋለን። ደግሞ የጓደኛሽ አባት ይመለሱ የለም? አንቺ ጎበዝ ልጅ ነሽ።»

በማግስቱ ደብተሩን ከቦርሳዬ ውስጥ፣ ከሒሳብ መጽሐፌ ሥር አድርጌ ወሰድኩለት። ኮራሁ እንጂ አልፈራሁም።

አባቴ የተከሰሰበት ስብሰባ ኖቬምበር አጋማሽ ላይ፣ ነፋስ ጀልባዎቹን ወደብ ያዋለ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ አዳራሽ ተደረገ። አርባ ያህል ወንድ ምድጃውን ከቦ ተቀምጧል፤ ክፍሉ የረጠበ ሱፍና የትምባሆ ሽታ ነበረው። ሊቀመንበሩ ሽማግሌው ኦኩዳይራ ከፊት ለፊት ጠረጴዛ ይዘዋል። ካፒቴን ሶማ አስቀድሞ አስመጥቶኝ ከበሩ አጠገብ የዓሣ ሣጥን ላይ አስቀምጦኛል። አባቴ ከመሃል ተቀምጦ ስለነበር አላየኝም።

ሶማ ደብተሩን ገልጦ ጮክ ብሎ አነበበ። «ኦክቶበር አንድ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ከአምስት፣ ዜሮ። ኦክቶበር ሃያ፣ አሥር ሰዓት ተኩል፣ ዜሮ። ኖቬምበር አሥር፣ አሥር ሰዓት፣ ዜሮ።» ደብተሩን ዘጋው። «ሰዓቱ በየቀኑ በአንድ ደቂቃ በሁለት ደቂቃ እየቀደመ ይመጣል። አንድ ቀን እንኳ አልደገመም። ለምን ይመስላችኋል?»

«እንዳይነቃበት ነዋ!» አለ አንዱ።

«የቀጠሮ ሰዓት ነው!»

«ዜሮው ደግሞ ዛሬ ጠባቂ የለም ማለት ነው» አለ ሌላ አዋቂ ነኝ ባይ፤ የሚቀጥለውም «አይ፣ ጀልባ የለም ማለት ነው» ብሎ ተከራከረው።

እስቲ አስቡት። ዕድሜ ልካቸውን ፀሐይ ስትወጣ ወጥተው ስትገባ የሚገቡ፣ እያንዳንዳቸው በመሪው አጠገብ የፀሐይ መግቢያ ሰንጠረዥ የሰቀሉ አርባ ወንዶች ናቸው። የፀሐይ መግቢያ ሰዓት በተርታ ሲነበብላቸው የስለላ ቀጠሮ ነው አሉ። ከመካከላቸው አንድ እንኳ «ይህን ሰዓት የት ነው የማውቀው?» ያለ የለም። ከመቆጣቴ ይልቅ እስከ ዛሬ ንቀቴ የማይበርደው ለዚህ ነው። ሶማንስ ተዉት፣ የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ነው የሱ ነገር፤ እሱ የሚሠራውን ያውቃል። እነዚህ ግን ምንም አያውቁም፤ አለማወቃቸውም አላሳፈራቸውም።

አባቴ ተነሥቶ ስለ ብርድ ልብሱ፣ መሬት ለመሬት ስለሚዳኸውና ከሰማይ ስለሚወርደው ድምፅ ማስረዳት ጀመረ። ለኔ እንደነገረኝ በትዕግሥት፣ ሰው ሁሉ እውነቱን ሲሰማ ደስ የሚለው ይመስል ተናገረ።

«ቆይ ቆይ ኢዋቡቺ» አለ ከምድጃው አጠገብ ያለ ወፍራም ሰው፣ «ሰማይ ላይ ብርድ ልብስ አለ ነው የምትለን?»

«እንደ ማለት ነው እንጂ...»

«እኔ ሚስቴን ብርድ ልብሱ የት ሄደ እያልኩ ስጨቀጭቃት! ለካ ፀሐይ ወስዳው ነው!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅኩ። አባቴ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀና «ሊቀመንበር፣ ይፍቀዱልኝ፣ አንድ ነገር ላሳያችሁ» ብሎ ወደ ፊት ተራመደ። ወደ ግድግዳው ቀርቦ ቀኝ እጁን ከፍ አደረገ። ልክ እንደ ተማረከ ሰው እጁን ያነሣ መስሎኝ ነበር። ከሽማግሌው ኦኩዳይራ ራስ በላይ የማኅበሩ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሎ ነበር፤ ከእያንዳንዱ ቀን ሥር የፀሐይ መውጫና መግቢያ ሰዓት በቀይ ታትሟል። ጣቱና ወረቀቱ መካከል የቀረው አንድ እርምጃ ነበር።

ሶማ ገብቶት ይሁን በአጋጣሚ አላውቅም፤ ያን ጊዜ ተነሣ። «ከዚያ በፊት ደብተሩን ማን እንዳመጣው ለምን አትጠይቅም?» አለ። መጥቶ ብብቴን ይዞ አነሣኝና ሣጥኑ ላይ አቆመኝ። «የገዛ ልጅህ ናት! አሥር ዓመቷ ነው፤ ለአገሯ ካንተ ትሻላለች!»

መጀመሪያ አንድ ሰው አጨበጨበ፤ ከዚያ ሁሉም። አርባ ወንድ ለኔ ሲያጨበጭብ! አባቴ እጁ እንደተነሣ ዞረ።

«ናሚዬ፣ አንቺ ነሽ?»

«አዎ አባዬ!» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ።

እኔን አየኝ። ከዚያ የሚያጨበጭቡትን ሰዎች ከዳር እስከ ዳር አየ። ቀስ ብሎ እጁን አወረደና ኪሱ ከተተው።

«የምጨምረው የለኝም» አለ።

እነሆ አመነ አልኩ በልቤ። ጥፋተኛ ካልሆነ ለምን ዝም ይላል? ወደ ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ ቆም ብሎ የካፖርቴን የላይኛውን ቁልፍ ቆለፈልኝ። «ነፋሱ ይመታሻል» አለ። እናቴ ሁለት ሳምንት ሙሉ ምግቤን ስታቀርብልኝ ፊቴን አላየችም፤ አባቴ «ተያት ኪኑ፣ ልጅ ናት» ሲላት ሰምቻለሁ። የተያዙ ሰዎች እንዲህ ይለዝባሉ ማለት ነው ብዬ ተረጎምኩት።

ከሥራው ተባረረ። ለፖሊስ የሚበቃ ማስረጃ ስላልነበር አልታሰረም። ከዚያ በኋላ ለምግብ የሚሆነውን የባሕር ቅጠል ለሚያደርቁት ሴቶች ተቀጥሮ፣ ጎንበስ ብሎ ጠጠር ላይ ቅጠል ሲያሰጣና ሲገለብጥ ኖረ። ሬዲዮውን አፈራርሶ ቦታው ላይ መረብ አስቀመጠ። ያም ሆኖ በሚቀጥለው ሴፕቴምበር፣ ቶሎ የሚመሽበት ወራት ሳይጀምር፣ ሰንጠረዡን ከትውስታው በአርባ ወረቀት ገልብጦ ጎሕ ሲቀድ በየጀልባው መሪ አጠገብ ለጠፈው። የሰላይ ወረቀት ነው ብለው ቀደው ወደብ ውስጥ ጣሉት፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ውኃው ላይ ተንሳፎ አየሁት። ኦክቶበር ላይ ሌላ ጀልባ ስድስት ሰው እንደጫነ ፀሐይ ስትገባ ተያዘ። ብርድ ልብሱን ሰማይ ላይ ያገኘው ወፍራሙ ሰውዬ ከስድስቱ አንዱ ነበር። ስለ እሱ ማዘን ሞክሬ አልሆነልኝም።

በ1977 ሶማ በወሬ አቀባይነቱ በፖሊስ ሲያዝ ማኅበሩ ደብተሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ከአንድ ሣጥን ሸርጣን ጋር ላከልን። ይቅርታ የሚል ቃል አልነበረበትም፤ «ለቆየው አገልግሎትዎ» ይላል። እናቴ ሣጥኑን ልትጥለው ስትል አባቴ «ሸርጣኑ ምን አጠፋ?» ብሎ ቀቀለው። እኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ነሙሮ ከተማ አስተማሪ ሆኜ ለዕረፍት መጥቼ ነበር። ከምሳ በኋላ ደብተሩን የቀን መቁጠሪያ አጠገብ ዘርግቼ ጣቴን ከቀን ወደ ቀን አወረድኩ። ሦስት ገጽ ድረስ ሄጄ መቀጠል አቃተኝ። ሁለትና ሦስት ደቂቃ ወዲህ ወዲያ ከማለት በቀር አንዱም ዜሮ ከፀሐይ መግቢያው አልራቀም።

አባቴ ጓሮ ጠጠሩ ላይ የተሰጣውን የባሕር ቅጠል ሲገለብጥ አገኘሁት።

«አባዬ፣ ግድግዳው ላይ ነበር።»

«ምኑ?»

«የፀሐይ መግቢያው። አንድ እርምጃ ነበር የቀረህ።»

መገልበጡን አላቆመም። «አዎ» አለ።

«ለምን አላሳየሃቸውም?»

«እያጨበጨቡልሽ ነበር» አለ። «በዚያች ደቂቃ እኔ እውነተኛ ብሆን ያ ሁሉ ሰው ወዳንቺ ነበር የሚዞረው። አባቷን በሐሰት ያስወነጀለች እያሉሽ ነበር የምታድጊው። ይህ መንደር የሚረሳ ይመስልሻል?»

«አንተንስ መች ረሱህ?»

«እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር ልጄ። አንቺ አሥር።»

ጠጠሩ ላይ ቁጭ አልኩ። አለቀስኩ፤ ከዚያ ተናደድኩ፣ እንደገና አለቀስኩ። ስለ ሶማ፣ ስለ ኦኩዳይራ፣ ስለ አርባዎቹ አፌ ያመጣልኝን ስድብ ሁሉ ተሳደብኩ፤ እሱ አልተቆጣኝም፣ አልከለከለኝምም። በመጨረሻ «ከሁሉም በላይ የምንቃት ግን ያችን ሣጥን ላይ የቆመችውን ልጅ ነው» አልኩት። «ሳስባት ያስጠላኛል።»

ያን ጊዜ ቀና አለ። በሕይወቴ ሲቆጣኝ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«እሷን አፍሽ እንዳይነካት» አለኝ። «የኔ ልጅ ናት።»